ለሽንት ቤት የተላኩ ሽማግሌዎች

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ቤቱ ሲጠራን ልጄ ሳራ ገና ከበሩ ላይ ክንዴን ትይዘኛለች። የምትይዘኝ እንዳልወድቅ አይደለም፤ ወለሉን በተረከዜ እንዳልመታ ነው። «ማሚ፣ ፕሊስ፣ ኖት ሂር» ትለኛለች በጆሮዬ። ክንዴ ቢያዝ እግሬ መች ይያዛል? ሰላምታው ሳያልቅ አንድ ሁለቴ ደቅ ደቅ አደርገዋለሁ። ድምፁ ደንዳና ከሆነ ደስ ብሎኝ እቀመጣለሁ፤ ባዶ ባዶ ካለኝ ግን የቀረበልኝ ምግብ ሁሉ አይጥመኝም። ባለቤቶቹ ጉልበቴን ያመመኝ እየመሰላቸው ቶሎ ብለው ወንበር ያቀርቡልኛል።

ይህን አመል ያስያዘኝ ናይሮቢ ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ ሥራዬ ከመሬት በላይ ነበር፤ የፎቅ ምሰሶና ወለል፣ ኮለንና ሶሌታ፣ እነድፋለሁ፣ ከመሬት በታች ያለው የሌላ ሰው ጣጣ ነው። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ መጀመሪያ ላይ ባለቤቴ በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ናይሮቢ ሲመደብ ተከትዬው መጣሁና ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር ተከራየን። የሥራ ፈቃድ ወረቀቴ ከመስኮት መስኮት ሲንከራተት ከርሞ ሲያልቅ፣ ፓርክላንድስ ውስጥ አንድ ትንሽ የአፈር ምርመራ ቢሮ ቀጠረኝ። ደመወዙ የሚያኮራ አልነበረም። ከቢሮው ሥር ሳምቡሳ ቤት ስለነበረ ግን ሽታውን ቀኑን ሙሉ በነፃ እንመገብ ነበር።

የቢሮው ባለቤት ሚስተር ሻህ ሁልጊዜ ነጭ ጫማ ያደርጋል። የአፈር ቢሮ ከፍቶ አፈር የሚጸየፍ ሰው ከእሱ በቀር አላየሁም። ጫማው እንዳይቆሽሽ ብሎ አንድም ሳይት ረግጦ አያውቅም። ሪፖርት ጽፈን ስናቀርብለት አያነበውም፤ በእጁ መዘን መዘን ያደርግና «ቀሏል፣ ትንሽ ጨምሩበት» ይለናል። እኛም የቁፋሮ ሠንጠረዥ እንጨምርበታለን። ደንበኞቹም የሚያነቡ ሰዎች ስላልነበሩ ሁሉም በሰላም ይኖር ነበር።

የሙያውን ነገር ያስተማሩኝ ኢንጂነር ሙቲሶ ናቸው። የቢሮው ዋና መሐንዲስ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ባርኔጣቸውን ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚያወልቁ ሰው። እኔን በአገራቸው ወግ በልጄ ስም «ማማ ሳራ» ብለው ይጠሩኛል። የመጀመሪያ ቀን ሳይት ስንሄድ የቁፋሮ ማሽኑ ከመኪና ሳይወርድ እሳቸው ወደ ጎረቤት ሄዱ። በዕድሜ የገፋ ሰው ፈልገው ሰላም አሉ፤ ስለ ዝናቡ አወሩ፤ ስለ ላሟ ጠየቁ፤ የመጣላቸውን ሻይ ጠጡ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቾ ኪሊኩዋ ዋፒ?» አሉ። ሽንት ቤቱ የት ነበር ማለታቸው ነው። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ማማ ሳራ፣ አትፈሪ» አሉኝ ስንመለስ። «ይህ ከተማ ላዩ መረሬ ነው፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እሱን ጠርገን ከሥሩ ያለውን ቀይ ጠጣር አፈር፣ ሙራሙን፣ ወይም ዐለቱን እንይዛለን፤ ቀላል ነው። አስቸጋሪው አፈሩ አይደለም፣ ሰው የቆፈረው ነው። ሽንት ቤት፣ የውሃ ጉድጓድ፣ ድንጋይ የወጣበት ጉድጓድ። ሰው ይቆፍራል፣ ይሞላል፣ ሣር ያበቅላል፣ ይሸጣል። የእኛ መሰርሰሪያ የጣሳ አፍ የሚያህል ቀዳዳ ነው የሚያወጣው፤ በአንድ እርምጃ ስቶት ቢያልፍ ሪፖርቱ ላይ ጉድጓድ የለም ብለሽ ትጽፊያለሽ።»

ቆይተው ሒሳቡንም አስረዱኝ። መሠረት ክብደቱን የሚጥለው ልክ ከሥሩ ባለው አፈር ላይ ብቻ አይደለም፤ ጭነቱ እየሰፋ ይወርዳል፣ የመሠረቱን ወርድ እጥፍ ያህል እስኪጠልቅ ድረስም አፈሩ ይሰማዋል። በዚያ መካከል ባዶ ቦታ ካለ ጭነቱን የሚካፈል የለም፤ የመሸከም አቅሙ ይወርዳል፣ የጉድጓዱም ጣሪያ ይደረመሳል። ጉድጓዱ እጅግ ጥልቅ ከሆነ ወይም ወደ ጎን ራቅ ካለ ግን ሕንፃው መኖሩንም አያውቅም። እናም ጥያቄው አለ ወይስ የለም ብቻ አይደለም፤ የት ነው፣ ምን ያህልስ ይቀርባል ነው። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ የሚለው የአገራችን አባባል ለዚህ ሙያ የተባለ ይመስለኛል።

ሌላም አመል ነበራቸው። ባለቤታቸው በቆሎና ቦሎቄ አንድ ላይ ቀቅለው፣ ጊቴሪ የሚሉትን፣ በምሳ ዕቃ ይሰጧቸዋል። ምርመራው ሲያልቅ ኢንጂነር ሙቲሶ ከግቢው ሁሉ የተጠራጠሩትን ቦታ ይመርጡና እዚያ ላይ ቁጭ ብለው ይበሏታል። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው «ምሳዬን እዚህ ተረጋግቼ መብላት ካልቻልኩ ሥራው አላለቀም ማለት ነው» አሉኝ። ሪፖርት የሚፈርሙት ከበሉ በኋላ ነው።

በዚህ ዓይነት የናይሮቢን ሽንት ቤቶች ታሪክ ስሰበስብ ዓመታት አለፉ። አንዲት የፓርክላንድስ ባልቴት በልጅነታቸው ቤታቸው ሽንት ቤት እንዳልነበረ ምለው ተገዝተው፣ ልንወጣ ስንል በር ላይ እጄን ያዙና «ከማንጎው ዛፍ ሥር» አሉኝ እንደ ኑዛዜ። በሐበሻው ዘንድም ስሜ ወጣ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «የሽንት ቤቷ ኢንጂነር» ይሉኝ እንደነበር የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ይገባኛል፣ አልተቀየምኩም።

ጋሽ በየነ የመጣው በዚህ መካከል ነው። ሳውዝ ሲ ምግብ ቤት ያለው፣ የሰበካ ጉባኤ አባል፣ እንግዳ ሲያይ ራሱን የሚስት ሰው ነበር። ኬንያ በኖረበት ዘመን ሁሉ ከተከራየበት ቤት ወጥቶ አያውቅም። ካሳራኒ ላይ መሬት ገዛና የሚከራይ ፎቅ ሊሠራ ተነሣ፤ አንድ ልጁን ሄለንንም እዚያው ግቢ ሊድራት ለሁሉ ተናገረ። «ዘውድነሽ ልጄ» አለኝ፣ «የቤቱ ቀለም ባይደርስ ግድ የለኝም። ሄለንን ግን ከሰው ግቢ አልድራትም። ከራሴ መሬት ላይ ነው የምትወጣው!» ሲናገር ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ለምርመራ በምንሄድበት ዋዜማ ጋሽ በየነ አንድ ነገር አደረገ። የተማረ እንግዳ ይመጣል ብሎ ግቢውን አጸዳ። ከዱሮው ባለቤት የቀረች ዘመም ያለች የቆርቆሮ ደሳሳ ነበረች፤ አስፈረሳት። ከሥሯ የነበረውን ነገር አስደፍኖ ላዩ ላይ ቀይ አፈር አስነሰነሰበት። ስንደርስ ግቢው ለጥምቀት የተዘጋጀ ሜዳ መስሏል። ሐኪም ይመጣል ተብሎ ቁስሉን በዱቄት እንደ መሸፈን ነው፤ ግን ምን ይደረግ፣ እንግዳ በቆሻሻ ግቢ አይቀበልማ።

ኢንጂነር ሙቲሶ እንደ ልማዳቸው ወደ ጎረቤት ሊሄዱ ሲሉ ጋሽ በየነ መንገድ ላይ ቆመ። «ወዴት? ሳይበሉ? በሞቴ!» አለ። ከአጥሩ ማዶ ካሉት ሽማግሌ፣ ከምዜ ካማው ጋር፣ በአጥር ወሰን ተጣልቶ ስለነበር እዚያ ቤት እንግዳው እንዲረግጥ ጨርሶ አልፈለገም። በወዲያኛው ጥግ ጥላ ተዘርግቶ ዶሮ ወጥ፣ ክትፎ፣ የጾም በያይነቱ ሳይቀር ቀርቧል። በሕይወታቸው ከምርመራ በፊት በልተው የማያውቁት ሰው ያን ቀን በሉ።

እኔ ከእጄ ጉርሻ ሳላወርድ፣ «ጋሼ፣ ግቢው ውስጥ ሽንት ቤት ነበር እንዴ?» አልኩት።

ጋሽ በየነ የያዘው ጉርሻ አየር ላይ ቀረ። «በገበታ ላይ?! አንቺ ልጅ ምን ነካሽ! የለም፣ የለም! ብዪ አሁን፣ አፈር ስሆን!»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እሱም ለመዋሸት ብሎ አልነበረም፤ በማዕድ ላይ ያን ስም መጥራት ነውር ስለሆነበት ነው። ኢንጂነር ሙቲሶ ከክትፎው በኋላ ዛፍ ሥር ጋደም አሉ፤ ቁፋሮው ተካሄደ፤ መሰርሰሪያው በነካው ቦታ ሁሉ የሚያኮራ ሙራም ወጣ። ሲነቁ ሆዳቸው ጢም ስላለ ጊቴሪያቸውን ሳይከፍቱ ወደ ቤት ይዘዋት ተመለሱ፤ ሪፖርቱንም እንዲያው ፈረሙ።

መሠረቱ ወጣ፣ ኮለኖቹ ቆሙ፣ የመጀመሪያው ሶሌታ ተሞላ። ከዚያ ትልቁ ዝናብ መጣ። አንድ ጠዋት የግንባታው ሠራተኞች፣ ፉንዲዎቹ፣ ሻይ ሊጠጡ ወደ አንድ ጥግ እንደተሰበሰቡ የማእዘኑ ኮለን ከነመሠረቱ ሰመጠ። ሶሌታው ከዳር እስከ መሃል በሰያፍ ተሰነጠቀ። ሰው አልተነካም፤ ተመስገን! ስንደርስ ጋሽ በየነ ቆቡን በእጁ ይዞ ሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀምጧል። የሠርጉ ጥሪ ተበትኗል፣ ዘመድ ከአዲስ አበባ ቲኬት ቆርጧል። «አሁን ልጄን ከየት ነው የምድራት?» አለኝ። እሑድ በቤተ ክርስቲያን ማንን ቀና ብዬ እንደማይ እንኳ አላውቅም ነበር።

ኢንጂነር ሙቲሶ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው ወደ ታች አዩ። የዱሮ ሽንት ቤት ነው፤ አፉ ከመሠረቱ ትንሽ ወጣ ብሏል፣ ሆዱ ግን በጊዜ ብዛት እየተናደ ሰፍቶ ልክ ኮለኑ ሥር ገብቷል። ምሳ ዕቃቸውን አወጡ፣ አዩት፣ መልሰው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። እሳቸው ሳይጠግቡ ምሳ ሲተዉ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ከስንጥቁ ይልቅ ያስደነገጠኝም እሱ ነው።

በዚህ መካከል ከአጥሩ ማዶ «ፖሌ!» የሚል ድምፅ መጣ፣ አይዟችሁ እንደ ማለት። ምዜ ካማው ናቸው፤ አገጫቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈዋል። «እሷን እኮ የቆፈርኳት እኔ ነኝ» አሉ፤ «ከሟቹ ጓደኛዬ ጋር፣ በወጣትነታችን።»

«ስንቆፍር ያዩን አልነበር? ለምን አልነገሩንም?» አልኳቸው።

«ማን ሰላም አለኝ?» አሉ። «ስትበሉ አየሁ፣ ስትተኙ አየሁ፣ በሌለችበት ቦታ ስትፈልጉ አየሁ። ሰላም ያለኝ ግን የለም። ሌላም አለች። የት እንዳለች ማወቅ ከፈለገ ባለቤቱ በደንብ ይጠይቀኝ።» ይህን ብለው አገጫቸውን ከአጥሩ አንሥተው ገቡ።

ኢንጂነር ሙቲሶ ጋሽ በየነን ዞር ብለው አዩት። «ግቢውን በሙሉ ብንበሳው ሠርጉ ያልፋል» አሉ። «እዚያ ቤት ያለው ሰው ግን በአንድ ዱላ ያሳየናል።»

ጋሽ በየነ አሰበ፣ አሰበና አገር ቤት የሚያውቀውን አደረገ፤ ሽማግሌ ላከ። በአቶ ወርቅነህ የሚመሩ ሦስት የተከበሩ ሰዎች ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው ካሳራኒ መጡ። አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ፤ ስዋሂሊዬ ከማታቱ፣ ከሚኒባስ ታክሲው፣ ላይ የተለቀመ ነው።

ምዜ ካማው በሩን ከፍተው «ካሪቡኒ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ። ባለቤታቸው ሻይ ቀዱ። ሽማግሌዎቻችን ግን ገብተው ቆሙ። የመጡበት ጉዳይ እሺ ሳይባል የሚቀመጥ፣ የሚቀምስም ሽማግሌ የት አለ? በምዜ ካማው ወግ ደግሞ እንግዳ ተቀምጦ ሻይ ሳይጠጣ ጉዳይ አይነሣም፤ የማይቀመጥ እንግዳ ለጠብ የመጣ ነው።

«ንገሪያቸው፣ ይቀመጡ» አሉኝ ምዜ ካማው።

«ንገሪያቸው፣ እሺታቸውን ሳንሰማ አንቀመጥም» አሉኝ አቶ ወርቅነህ።

ሻዩ ቀዘቀዘ። ምዜ ካማው ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ፖሊሶች ናቸው?» አሉኝ። ባለቤታቸው ነጩን ልብስ እያዩ «ልጅ ሊጠይቁ ነው እንዴ? የእኛ እኮ አግብታለች» አሉ። አይደለም ማማ፣ ስለ ሽንት ቤት ነው አልኳቸው። «ስለ ሽንት ቤት!» አሉ ሴትየዋ፤ «ሦስት ሰው? እንዲህ ለብሶ?»

አቶ ወርቅነህ ይህን ሁሉ እንደ ቡራኬ ቆጥረው ሳይተረጎምላቸው አንገታቸውን ደፍተው እጅ ነሡ። ምዜ ካማው ይብሱን ደነገጡ። በአንድ በኩል እሳቸው እየተቀየሙ፣ በሌላ በኩል የእኛዎቹ እግር እየዛለ፣ የጋሽ በየነ ሠርግ በእኔ ስዋሂሊ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ያዳኑን ኢንጂነር ሙቲሶ ናቸው። ውጭ ቆመው ሲያዳምጡ ቆይተው መጡና ደፍ ላይ፣ ከውስጥም ከውጭም ያልሆነ ቦታ፣ ቁጭ አሉ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። የቀዘቀዘውን ሻይ ተቀብለው ጠጡና ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው ለምዜ ካማው ጊቴሪ አቀረቡ። «እኔ ስለ ሁሉም ተቀምጫለሁ» አሉ። «እነዚህ ደግሞ ስለ ሁላችንም ቆመዋል።»

ምዜ ካማው አሰቡበት። አንድ ማንኪያ ቀመሱ። ከዚያ «ሰውየው ይምጣ» አሉ። ጋሽ በየነ ከአጥሩ ጀርባ ሲያደምጥ ኖሮ ወዲያው ገባና ጉልበታቸው ላይ ሊወድቅ አጎነበሰ። ሽማግሌው «የጠፋ ነገር አለ?» ብለው አብረው አጎንብሰው ወለሉን ማየት ጀመሩ። ይቅርታ መሆኑን ስነግራቸው ሳቃቸው መጣ፤ የሳቀ ሰው ደግሞ አይቆጣም። ሁለት ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ጠዋት ጠዋት ሰላም እንዲላቸው፣ ሠርጉም ላይ እንዲጠራቸው። ሽማግሌዎቻችን እሺታውን እንደሰሙ ሦስቱም ባንዴ ዱብ አሉ፤ የአቶ ወርቅነህ ጉልበት ሲንቋቋ ተሰማኝ።

ከዚያ ምዜ ካማው ዱላቸውን ይዘው ወጡ። የመጀመሪያዋን እናውቃታለን። ሁለተኛዋ ልክ ድንኳን የሚተከልበት ሜዳ መሃል ናት። ሦስተኛዋ በራሳቸው ግቢ፣ የዶሮ ቤታቸው ሥር ነበረች። ዶሮዎቹ ቀላል ጭነት ስለሆኑ እሷን ተውናት።

የማእዘኑን ኮለን ከተሰነጠቀው ሶሌታ ጋር አፍርሰን ጉድጓዱን እስከ ዐለቱ ጠረግነው፤ ከታች እስከ ላይ በድንጋይና በኮንክሪት ሞልተን ከመሠረቱ ጀምረን እንደ አዲስ ሠራነው። ወጪውን ቢሮው ቻለው፤ ሚስተር ሻህ ለብዙ ጊዜ ሳምቡሳ አልጋበዘንም። የሜዳዋን ግን በድንጋይ ከሞላን በኋላ ላይዋን በጠጠርና በፕላስቲክ መረብ እያነባበርን አጠናከርናት። ጋሽ በየነ መረብ ስል ሰምቶ «ከሞምባሳ ላስመጣ? ዓሣ አጥማጅ አውቃለሁ» አለኝ። ይህ ሌላ ነው ብዬ የጠፍር አልጋ አስታወስኩት። ጠፍር ሰው የሚሸከመው ከቋሚውና ከአግዳሚው ጋር ስለተወጠረ ነው፤ ጫፉ ከተፈታ የተኛው ሰው መሬት ይወድቃል። መረቡም እንደዚያው ነው። ከጉድጓዱ አፍ አልፎ በሁሉም በኩል ርቆ ካልተነጠፈ፣ ጠጠሩም በደንብ ተጠቅጥቆ ካልነከሰው አይሸከምም። በጣም ጠልቆ ከተቀበረ ደግሞ ጭነቱ አይደርሰውም፣ ተኝቶ ይቀራል። ጋሽ በየነ ራሱን ነቀነቀና «የእናቴ አልጋ ላይ ተኝቻለሁ እኮ፣ ይገባኛል» አለ። እንዲህም ሆኖ ለኮለን መረብ አላመንንም፤ ለኮለን ዐለት ነው።

ሠርጉ ደረሰ። ቀለም ባልነካው ፎቅ ፊት ድንኳን ተተከለ። ሚስተር ሻህ ሳይቀር በነጭ ጫማው መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ ወደ ውስጥ ግን ንቅንቅ አላለም። እኔ ሳህኔን ይዤ መብላት አቃተኝ። የአገራችን ጭፈራ ትከሻ ነው የሚል ሰው ጉራግኛ አላየም። ዘፈኑ ሲለወጥ ያ ሁሉ ሕዝብ ባንዴ መሬቱን ይደልቀው ጀመር። እኔ ሙሽራዋን አላይም፤ የማየው ሙዚቃውን እየተከተሉ የሚነሡና የሚወድቁ እግሮችን ነው። መረቡን በቂ ዘርግተነዋል? ጠቅጥቀነዋል? ጋሽ በየነም አይጨፍርም፤ ከድንኳኑ ምሰሶ ተጣብቆ እንደ እኔው መሬት መሬት ያያል።

ያን ጊዜ ኢንጂነር ሙቲሶ ሙሉ ሳህን በአንድ እጃቸው፣ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር በሌላው ይዘው ተነሡ። የክብር ጠረጴዛውን አልፈው፣ ጨፋሪውን ሰንጥቀው፣ የሞላናት ሁለተኛዋ ጉድጓድ ያለችበት ቦታ ላይ ደረሱ። ወንበራቸውን እዚያው አስቀምጠው፣ ባርኔጣቸውን አስተካክለው መብላት ጀመሩ። ሕዝቡ በዙሪያቸው ይዘላል፣ እሳቸው ያላምጣሉ። ምዜ ካማውም ወንበር ጎትተው አጠገባቸው ተቀመጡ። ጋሽ በየነ ቆሞ አያቸው፤ ገባው። ምሰሶውን ለቆ ሄደና በእጁ አንድ ትልቅ ጉርሻ አጎረሳቸው። ከዚያ ሄለንን እጇን ይዞ መሃል አስገባት፣ እያለቀሰም ጨፈረ። ኢንጂነር ሙቲሶ ሲጨርሱ ባዶ ሳህናቸውን ወደ እኔ ከፍ አድርገው አሳዩኝ። እኔም በላሁ።

ስንመለስ በቲካ መንገድ ላይ መኪናው ውስጥ «እንዴት ያን ያህል ተረጋግተው በሉ?» አልኳቸው።

«ማን ተረጋጋ?» አሉኝ። «ጉሮሮዬ ተዘግቶ ነበር። ግን አንቺ ታዪኝ ነበር፣ በየነም ያየኝ ነበር። እኔ ካልበላሁ ማን ይጨፍራል?»

ኢንጂነር ሙቲሶም ምዜ ካማውም ካረፉ ቆይቷል። ፎቁ ዛሬም ቆሟል፤ ጋሽ በየነ አርጅቶም ጠዋት ጠዋት ወደ አጥሩ እየሄደ የምዜ ካማውን ባለቤት ሰላም ይላል። በመጨረሻው የሥራ ቀኔ አንድ የተጠራጠርነው ቦታ ላይ ምርመራ ጨርሰን ነበር። የቢሮው ልጆች ቆመው አዩኝ። ምሳዬን ይዤ መሃሉ ላይ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያዋ ጉርሻ አልወርድ ብላኝ ነበር። ዋጥኳት፣ ሌላ ደገምኩ፣ ሲያልቅ ሳህኑን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። ልጆቹም ዕቃቸውን መጫን ጀመሩ።